ሃያ ሦስት ዕቃ

ሣር ነው ብዬ ፈረምኩ።
"ሣር?" አለ የጉምሩኩ ሰውዬ፣ መነጽሩን ገፍቶ፣
ሣጥኑን በጫማው ነካ፣ ወረቀቱን አይቶ።
"ስምንት መቶ ዶላር? ለአንድ እፍኝ ሣር?
ይህን ብታውቅ የአማቴ ላም፣ አፏን በዘጋች ነበር!"

አሥራ አንድ ቀን ዋለ፣ ዘር አለው የለውም እየተባለ።
በአሥራ ሁለተኛው ማኅተም ተመታ፣
በአይሱዙ ጭነን፣ ቸርችል ጎዳና፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ
ወዳለችው አዳራሽ አወረድነው ማታ።

እኔ ሚስማር መቺ ነኝ። ውሃ ልክ፣ መሰርሰሪያ፣
ጆሮዬ ላይ እርሳስ።
ሠዓሊዎች ሲነታረኩ ወንበር ላይ ቆሜ
"ወደ ግራ?" የምል፣ "ወይስ ወደ ቀኝ ልመለስ?"

ከተቀዳደደ ወረቀት ውስጥ ሃያ ሦስት ዕቃ ወጣ፣
ሳህን፣ ቅርጫት፣ የመብራት ጥላ።
ቀለም አልነካውም አሉኝ፤ ከመሬቱ ነው እንዲህ የሚያበራው፣
ብራዚል ውስጥ ቶካንቲንስ የሚባል አሸዋማ አገር ነው ሥፍራው።
ሰምና ወርቅ ስንፈታ ላደግን ለእኛ
ወርቁም ሣር፣ ሰሙም ሣር ሆኖ መጣ፣ ያለ ፈቺ፣ ያለ ዳኛ።

በመክፈቻው ምሽት ከኤምባሲ የመጡት ሰውዬ
ቡናን አራት ጊዜ አነሡ፣ ኳስን ሁለቴ፣
ሣሩን ግን አንዴም።
እኔ ቆጠርኩ፣ መቁጠር ሥራዬ ባይሆንም።
የሰፋችው ጁሲማራ ጥግ ላይ ቆማለች፣
አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጦት።
"ዲዛይነሯ" ሲሏት ዞራ ኋላዋን ታያለች፣
ሌላ ሰው የመጣ መስሏት።

በማግስቱ ይመናሹ ገባች።
ይመናሹ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር
ሰፌድና ሙዳይ የምትዘረጋው፣
ለፈረንጅ ሺህ ጠርታ በአራት መቶ የምትለቀው።
ዝናብ ነው ያስገባት። ፕላስቲኳን አራግፋ
መስታወቱ ፊት ቆመች፣ በትንፋሿ እስኪደበዝዝ።
"አይነካም!" አለ ዘበኛው ሄራሞ።
"ማን ነካ? አየሁ እንጂ።
ስንደዶው አለ፣ አክርማ የለውም፤
ምነው አንጀቱ እንዲህ ተገልጦ?
ያሰረውስ ምንድን ነው፣ ጭራ ነው? ጅማት?"
ጁሲማራ ከኋላዋ ነበረች፤ ንግግሩ ሳይሆን ጣቷ ገባት።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መስታወቱን አነሣሁ።
ይመናሹ ሳህኑን ተቀብላ ፊቱን አላየችም፤
ገለበጠችው። ስፌት በጀርባው ነው የሚታወቀው።
እንብርቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣
ዙር በዙር እየቆጠረች ወጣች፣ ወጣች፣
ዘጠነኛው ላይ ቆመች።
አንድ ጥልፍ ተዘሎ ነበር።
ጁሲማራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣
ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ስል ሳቀች።

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣
ወስፌና መርፌ ተለዋወጡ።
አስተርጓሚዋ ናርዶስ ደርሳ አንድ ነገር ብቻ ተረጎመች፦
"ዘሩ ሳይረግፍ፣ ከመስከረም አሥር በፊት
ማጨድ በሕግ ክልክል ነው ትላለች።"
"ታዲያስ!" አለች ይመናሹ፤ "ስንደዶስ መቼ ነው የሚነቀል?"
ሌላው ሁሉ ሳይተረጎም ቀረ። ምንም አልጎደለ።

እኔ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጽሑፍ "ዘመናዊ ዲዛይን" ይላል፤
የይመናሹን ሙዳይ ቀረጥ ሰብሳቢው "የባህል ዕቃ" ይለዋል።
በሁለቱ ስም መካከል የአንድ ዜብራ ስፋት አለ፣
መኪና ከቆመልህ የምትሻገረው።

በመጨረሻው ቀን ሣጥኑን ስሞላ አንድ ሳህን ጎደለ።
ሄራሞን አየሁት። ሄራሞ ጣሪያውን አየ።
ጁሲማራ ቦርሳዋን ከፍታ ሙዳይ ሰጠችኝ፣
ቀይና አረንጓዴ፣ ክዳኑ ትንሽ የተንጋደደ።
በወረቀት ጠቅልዬ ከሳህኑ ሥፍራ አስገባሁ።

የጉምሩኩ ሰውዬ ያው ነው። ሣጥኑን በጫማው ነካ።
"ስንት ገባ?"
"ሃያ ሦስት።"
"ስንት ይወጣል?"
"ሃያ ሦስት።"
"ምንድን ነው?"
"ሣር።"
ማኅተሙን አነሣ፣ እፍ አለበት፣ መታ።

ይመናሹ አሁንም እዚያው ናት፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት።
ከጉልበቷ ሥር የሚያበራ ሳህን አለ፣ ዝርዝር ብር የሞላበት።
"ይሄስ ስንት ነው?" ይላታል ፈረንጁ።
"አይሸጥም፤ መልስ መስጫዬ ነው" ትላለች፣
ዘጠነኛውን ዙር በአውራ ጣቷ ሸፍና።