ብረት ይድናል

ከጋሽ ሸምሰዲን ላይ፣ በሦስት ወር ዱቤ፣
ገዛሁት ኮርሳውን፣ ፈራ ተባ ሲል ልቤ።
ቀለሙ ተልጧል፤ ከኮርቻው በታች
አባጨጓሬ የመሰለች ብየዳ አለች።
«የኔ እጅ ናት» አሉኝ፣ «ከባቡር ጥገና
ኤሌክትሮድ ሰርቄ።
ብረት ይድናል፣ ሰው አይደለምና።»

ቀትር ላይ ይፋጃል፣ በጨርቅ ነው ምይዘው፤
ጎህ ሲቀድ ነው ደጉ፣ ከዚራ ስዘውረው።
ያ ባለ አሉሚኒየም ሳቢያን ላይ ቀደመኝ፤
«ስንት ኪሎ ነው ይሄ?» ዞር ብሎ ጠየቀኝ።
አልመለስኩለትም።
ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ስንጥቁን ስዘለው፣
ቱቦው ድንን አለ፣ መዶሻ እንደነካው
አሮጌ ሐዲድ።

ደጃፋቸው ሳልፍ፣ ዓይናቸው ባያይም፣
ቀና ይላሉ ጋሼ፤ ደወል አልደወልኩም።
«ሰንሰለቱ ደርቋል፣ ዘይት አጠጪው» ይሉኛል።
ዱቤው አልቋል እኮ!
ግማሹ የማን እንደሆነ ግን ይጠፋኛል።