አሥራ አንደኛው ትኬት

አሥራ አንድ ነበሩ፣ ከቼክ አገር መጥተው፣
ጡረታ የወጡ፣ ጠመኔ ጨርሰው።
አንዷ፣ ያርሚላ፣ ሐሙስ ጠዋት ታመመች፤
ከሆቴሉ በር ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሆዷን ይዛ ቆመች።
ትኬቷን በመስኮት ከነባርኔጣዋ ለእኔ ዘረጋች፤
"ሾፌር፣ አንተ ግባ፤ እንዳይባክን" አለች።

እኔ የኮቺ ልጅ፣ ሻፊ ያባ ዲጋ፣
ዘጠኝ ዓመት ጅሬን ስወጣ ስወርድ፣ በክረምት በበጋ፣
እንግዳ አውርጄ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ወንበሬን አጋድሜ፣
ሬዲዮ ስሰማ፣ ጎማ ስረግጥ ቆሜ፣
ደጁን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም።
አባቴም አላየው። አያቴን አልጠየቅሁም።

ገባሁ።
ጫማ አውልቁ ተባልን፤ ካልሲዬ ቀዳዳ፤
አውራ ጣቴ ወጥቶ ቤቱን ሲያይ፣ እሱም እንደ እንግዳ።
ስለ እኔው ከተማ፣ በማላውቀው ቋንቋ
ቶፊቅ ሲያብራራልን፣ ወለሉ ሲንቋቋ፣
ዐሥሩም ራሳቸውን ነቀነቁ፤
እኔም ነቀነቅሁ። ሌሎቹ ምን አወቁ?

ከሰገነቱ ጫፍ ቁልቁል ብመለከት፣
ያቺ ሚኒባሴ፣ ከዛፉ ሥር ካለችበት፣
አከለች የክብሪት ቀፎ፣
ጎኗ ተጭሮ ተጭሮ፣ ቀለሟ ተገፎ።
ከሥሯ አፈሩ ጠቁሯል በዘይት ጠብታ፤
ዘጠኝ ዓመት የቆምኩባት፣ ያቺው አንዲት ቦታ።
ከላይ ሲያዩኝ ኖረዋል ማለት ነው፣ እላለሁ፤
ከሥር ሆኜ ግን፣ አንድ ቀን፣ ቀና ብዬ አላየሁ።

ከሰዓት ሂርማታ፤ የሐሙስ ገበያ፤
ባጃጅ ካህያ ጋር የሚጋፋበት መተላለፊያ፤
የማሩ ጣሳ ላይ ንብ እየዞረባት፣
ሻጭም ገዢም እጁን የሚያወናጭፍባት።
መምህራኑ ፈሰሱ፣ ለዕረፍት እንደ ተደወለለት ተማሪ፤
አንዷ ገመድ ገዛች፣ አምስት ክንድ፤ ምን እንደምታስርበት ያውቃል ፈጣሪ።

ለያርሚላ ብዬ አንድ ዱካ መረጥኩኝ፤
ሦስት እግር፣ አንድ ግንድ፣ ምስማር ያልነካው፤ ዚያዳን ዋጋ ጠየቅኩኝ።
ሽቅብ ተመለከተች ነጩን ባርኔጣዬን፤
"ሁለት ሺህ" አለችኝ፣ ሳትለየው ፊቴን።
"ኧረ በአላህ፣ ዚያዳ! ሻፊ ነኝ፣ ያባ ዲጋ ልጅ!"
"ከእነሱ ጋር መጣህ፤ ዛሬማ አንተም ፈረንጅ!"
ሳቀች። የጎኗ ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ።
ዋጋው ግን አልወረደም፣ ለምኜም፣ ተቆጥቼ።
ከፈልኩ። ምን ላድርግ?
የገዛ ከተማዬ ስታየኝ እንደ ሰው አገር ሰው፣
ደስ ይበለኝ ይክፋኝ፣ ገና አልለየሁም፣ እስካሁን ሳስበው።

ሲመሽ ሆቴል ደረስን። ያርሚላ ተሽሏት፣
በረንዳው ላይ ሆና ሾርባ ስትጠጣ አገኘኋት።
"ምን አየህ?" አለችኝ። ቶፊቅ አፉን ሲከፍት፣ በእጇ ከለከለችው፤
"እሱን ነው የጠየቅሁ" አለችው።
ስለ ወለሉ ድምፅ፣ ስለ ጣቴ፣ ስለ ዘይቱ ጠብታ
ነገርኳት። ቶፊቅ ተረጎመ፣ ዓመተ ምሕረት ሳይጨምር፣ በእርጋታ።

ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ልኳ ነው። ሻንጣዋ ግን አልችለው አለ፤
"እግሩ ይቆረጥ" ተባለ።
"እግሩ ከተቆረጠ ጉቶ ነው" አልኳቸው፤ "ጉቶማ ደን ሞልቷል።"
ቶፊቅ ይህን ሲተረጉም ብዙ ተቸግሯል።
"አንተ ጋ ይቆይልኝ፤ ስመለስ እቀመጣለሁ" አለች።
ሁሉም ይሉታል ይህን። እሷ ግን ሁለቴ አለች።

ትናንት ጅሬን ወጣሁ፣ ሌሎች ሰዎች ጭኜ፤
ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከመኪናው ወጥቼ፣ ዱካው ላይ ሆኜ
ቀና ብዬ ነበር፤ አንድ ሰው ከሰገነቱ እጁን አወዛወዘ፤
ለእኔ ይሁን ለሌላ፣ እንጃ።
የእኔም እጅ ተወዛወዘ።