የባልዲ ርስት

የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ መውጫን የሚያይ በረንዳ፤
ስፋቱ ለሁለት በርጩማ፤ ቦታ የለውም ለእንግዳ።
እኔ ግን ጋሻ መሬት የተሰፈረልኝ መስሎኝ
ቁልፍ በተረከብኩ ማግስት አበባ ግዢ ግዢ አለኝ።

ለራሴ አንድ፣ ለእሱ አንድ ወንበር ከፍዬ በሃይገር
ከመገናኛ አመጣሁት፣ ስሙ ለምላስ የሚቸግር
ሐምራዊ ነገር። ሻጩ «የውጭ ነው» አለኝ፤
የውጭ ከተባለማ፣ ዋጋው መች ታየኝ!

ውሃ እዚህ ሠፈር በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም ሌሊት፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ ነቅቼ፣ ለእኔ ሳልል ቀዳሁለት።
ኅዳር ገባ፤ ውርጭ ወረደ፤
ሐምራዊው ነገር እንደ ራሰ ወረቀት ተኮማትሮ ሄደ።
ሁለተኛውን ነፋስ ወሰደው። የሦስተኛውን እንጨት አልጣልኩትም፤
ካልሲ አሰጣበታለሁ፤ ለሌላ አልሆነኝም።

ደቻሳ ይባላል የብሎካችን ጥበቃ፤
አራተኛውን ሬሳ ከነባልዲው ሳወርድ፣ በቃ፣
አላስችል አለው።
«ስንተኛሽ ነው?»
«አራተኛዬ ነው።»
«ሰው ቢሆን ታስረሽ ነበር። አፈርሽን እንኳ መች አየሽው?

ይሄ ያንቺ ብሎክ የቆመበት የኔ የባቄላ ማሳ ነበር፤
ደረጃው ያለበት ድንበር፤
ድንበሩ ላይ ሬት፣ ከሬቱ በላይ ቀጋ።
ማን አጠጣቸው? ክረምት የጠጡትን አብቃቅተው ነው የሚወጡት ከበጋ።
እንግዳ አትጥሪ አላልኩም፤ እንግዳ መስተንግዶ ይሻል፤
ያገሩ ልጅ ግን ጓዳሽን ያውቃል፣ ባዶውንም ይችላል።»

እሑድ ተረኛውን ተክቶ ዳገቱን ይዞኝ ወጣ፤
ባሕር ዛፉን እንዳለፍን፣ ጦስኙ ሳይታይ ሽታው መጣ።
ጎንበስ ብዬ ልነቅል ስል እጄን ያዘኝ፤
«ሥሩን ለቦታው ተይለት፤ ቅርንጫፉ ይብቃሽ» አለኝ።
ኮሰረት ከወይዘሮ አፀደ አጥር፣ ዳማ ከሴ ከቄሱ ጓሮ፤
ሬቱን ከመንገድ ሥራው ቁፋሮ፣
ከዶዘር ጥርስ ተርፎ በጀርባው የተኛ፣
ሦስት ወር አፈር ያልነካው፣ ግን ያልሞተ ምርኮኛ።

የቀለም ባልዲውን ቂጡን በሚስማር በሳሁት።
ጠጠር ከታች፣ ከላይ ቀዩን አፈር ሞላሁት፤
ለጦስኝ አሸዋ አበዛሁ፣ ከሕንፃው የተረፈ፤
ጦስኝ ድሎት አይወድም፤ እግሩ ውሃ ላይ ከዋለ አለፈ።
ለሬቱ የዘይት ቆርቆሮ፣ ለዳማ ከሴ ጥልቅ ጀሪካን።
ቀጋስ?
«እሱ አጥር እንጂ ባልዲ አይወድም» አለኝ ደቻሳ፤
ከጥበቃ ቤቱ ጎን ተከለው፣ በቀረችው ክንድ በምታህል ማሳ።

ጥር ላይ ውሃ አሥራ ሰባት ቀን ጠፋ።
ጦስኙ ግድም አልሰጠው፤ ሬቱማ እንዲያውም ፋፋ፤
ዳማ ከሴው ግን ራቁቱን ቀረ፣ እንደ ሦስተኛው እንጨት፤
ጀሪካኑን ታቅፌ ወረድኩ፤ ገንዳ ውስጥ ልደፋው ስል ደቻሳ አየኝ ድንገት።
«ተኝቷል» አለ፤ ግንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ
አሳየኝ፣ ከልጡ በታች አረንጓዴ ክር ፈልጎ።
«የአንድ ዓመት ተከራይ አይደለም እኮ፤ ሥር ያለው ይመለሳል።»
ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ ሲያካፋ፣ ሰባት ቦታ አቆጥቁጧል።

በሁለተኛው ዓመት የጥበቃው ድርጅት ተቀየረ፤
ደቻሳ ሳይሰናበተኝ ቀረ።
አዲሱን ልጅ፣ ገና ጎረምሳ፣ ገጀራ ይዞ አገኘሁት፤
«ይሄ እሾህ መንገድ ዘጋ» ሲል ክንዱን ያዝኩት።
ስለ ማሳው ልነግረው አስቤ ነበር፤ ከየት ልጀምር?
ቀጋው ግን አንድ ነጭ አበባ ይዟል፣ ከእሾሁ ጥግ፣ እንደ ምሥጢር።
ዝቅ ብሎ አሸተተ። ገጀራው ወረደ ቀስ ብሎ።
«በሳምንት ስንቴ ነው የሚጠጣው?» አለኝ፣ የድሮዋን እኔን መስሎ።

«ተወው» አልኩት። «እሱ ያውቃል።»
ወጣሁ። ካልሲዬ ደርቋል።