ፊደል ቆጣሪዎች

ከኤማዮጊ ወንዝ ማዶ፣ ታርቱ ከተማ ዳር፣
ምድር ቤት ነው ቢሮዬ፣ ከሠራተኛ ማኅደር ጋር።
ላይ ፎቅ ፊደል ይቆጥራሉ፤ አራት ፊደል ብቻ፣
ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ተደርድሮ፣ የማይታይ ዳርቻ።
እኔ የምቆጥረው ሰዎቹን ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣
ደመወዙ ስንት፣ ዕረፍቱ ስንት፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ።

ቅጹ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «የቀድሞ ሙያ» ትላለች፣
ጠባብ ናት፤ ከጣት አትረዝም፤ አንድ ቃል ታስተኛለች።
ሰው ግን በቃል አይተኛም፤ ይተርፋል ወደ ኅዳጉ፣
አንዳንዱም ገልብጦ ይጽፋል፣ በጀርባው፣ በጥጋጥጉ።

ካልዩ፣ የማቀዝቀዣዎቹ ጠባቂ፣ «መርከበኛ» ብሎ ጻፈ፤
ሃያ ሁለት ክረምት በባልቲክ፣ በረዶ እየሰነጠቀ ያለፈ።
ዛሬ ከዜሮ በታች ሰማንያን ይጠብቃል፣ እንደ ሕፃን አልጋ፣
በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፣ ሲመሽም ሲነጋ።
«ያኔ በረዶ መስበር ነበር» ይላል፣ «የኔ እንጀራ፤
አሁን ቅዝቃዜው እንዳይሰበር መለመን ሆነ ሥራ።»

ማሪካ ፒያኖ ቃኚ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣
መፍቻዋን በቦርሳ ይዛ፣ በአውቶቡስ፣ በጭቃ ወራት።
ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የፊደሉን ጎርፍ ታጣራለች፤
የተዛባ መስመር ሲያልፍ፣ «ጆሮዬን ከረከረኝ» ትላለች።
ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ፊደል መች ድምፅ አለውና።
ባለፈው ጥቅምት ግን፣ ተምታቶ የሁለት ሰው ናሙና፣
ሁሉም ፈትሾ ያሳለፈውን
እሷ ሰማችው።
ከዚያ ወዲህ አይስቁም። ወይም ቀስ ብለው ነው።

ታቪ ጽፎ ሰርዞታል። ወረቀቱን በመብራት ሳየው፣
«ገበሬ» ይላል ከሥሩ። ለምን ሰረዝክ አላልኩትም፤ እርሱ ነው የሚያውቀው።
በየሳምንቱ ከሳሬማ ደሴት የደም ሳጥን ይጭናል፣
ከጀልባው ሲወርድ መኪናውን አቁሞ የሰው እርሻ ያያል።
አንዴ «ዝናብ ዘግይቶበታል» አለኝ፤
ሳጥኑን አስፈርሞ ሄደ።

ዶክተር ኢንድሬክን ጠየቅኩት፤ «በዚያ ሁሉ ፊደል መካከል
ሰው ሥራ የሚቀይርበት ቦታ አለ?» «ፈልገን አናውቅም፤ ይከብዳል።»
ቆይቶ ሹክ አለኝ፤ እሱም የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበር፤
ፊሽካው ዛሬም ኪሱ ውስጥ ናት፤ ስብሰባ ሲንዛዛ ጣቱ ይዞራታል ዙር በዙር።

ሄልቬ ብርጭቆ አጣቢ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት።
ማኅደሯ ስስ ነው፤ ያቺ መስመር ባዶ ናት።
ዓርብ ጡረታ ትወጣለች፤ ዳይሬክተሩ «ሁለት ዐረፍተ ነገር
ጻፊና» አለኝ፣ «ካርዱ ላይ ይስፈር።»

ሄጄ ጠየቅኳት። በእንፋሎቱ መሃል፣ ጓንቷ እየነጠበ፣
«ጋዜጣ ማተሚያ ቤት» አለች፤ «ይህ ጣት የእርሳስ ፊደል ሰበሰበ፤
አንድ በአንድ፣ የኋሊት፣ እንደ መስታወት ተገልብጦ፤
ኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ ጠበቀን ወንበራችን ላይ ተቀምጦ።»
«ታዲያ ለምን ባዶ ተውሽው?» አልኳት። «ለክቼው ነው፤ አይገባም።
የሙያዬ ስም ይረዝማል፤ እኔ ደግሞ ቃል አላጥፍም።»

ላይ ፎቅ ፊደል የቆጠሩ አሉ፤ ዶክተር ተብለው የሚጠሩ፤
ፊደል የቆጠረችስ ይቺ ናት፤ በሳሙና የነጡ ጣቶቿ ይመስክሩ።

ዓርብ ኬክ ተቆረሰ። ካልዩ መጣ፣ ከኮቱ ሥር ጠርሙስ ደብቆ፣
ታቪ ከደሴቱ ጥቁር ዳቦ ይዞ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አጥብቆ።
ካርዱን ሰጠናት። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣
የኔን ሁለት ዐረፍተ ነገር ዘለለች፤ ስሟ ላይ ቆማ ቀረች።
«አንድ ፊደል ገድፋችኋል» አለች።

እውነቷን ነበር።
እስክሪብቶ አቀበልኳት።