የወፍ ሜዳ መነጽር

ደሴን ጉም ውጧታል፣ ጦሳ ራስ የለውም፤
ከጫማዬ ወዲያ የሚታየኝ የለም።
እንዲህ ባለ ቀን ነው፣ የዕቁብ ብሬን ይዤ፣
የሩቅ ማያ ልገዛ የመጣሁ ተጉዤ።

«የጦር ሜዳ መነጽር አለህ ወይ ኑርዬ?»
ስለው ቀና አለና፣ «ለምንሽ ነው እትዬ?»
አለኝ ድምፁን ቀንሶ፣ በሩን እያየ።

ምን ያድርግ፤ ስሙ ነው።
እኛ አገር በዚህ ዕቃ ሰው ሰውን ነው ሲያይ የኖረው፤
ከጉብታ እስከ ጉብታ ሲለካው፣ ሲቆጥረው።

«ለወፍ ነው» አልኩት። «ለወፍ?» «አዎ፣ ለወፍ።»
ሳቀ፤ ከፊቱ ላይ ያ ጉም ሲገፈፍ።

ሦስት አወረደልኝ ከላይኛው መደርደሪያ።
አንዱ የቀንበር ያህል ነው፤ አንገት መስበሪያ።
ግሩም ያሳያል። ግን ይህን አንጠልጥሎ
የአርዲቦን ዳገት ማን ይወጣል፣ ማን ይመለሳል ችሎ?

ሁለተኛው ትንሽ ነው። «አሥር ጊዜ ያቀርባል» ይላል ጽሑፉ።
ለኑርዬ አሥር ከስምንት ይበልጣል፤ ምናልባት ትርፉ።
ለእኔ ግን አሥር ሲያቀርብ፣ የእጄንም መንቀጥቀጥ
አሥር ያደርገዋል፤ አንዲት ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ
ሦስት ትሆንብኛለች።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። እጄ እንደ ድሮው አይደለም።
ስምንት ይበቃኛል፤ ስምንት፣ ረግቶ የሚቆም፤
ሲነጋጋ፣ ሲመሻሽ፣ ያለችውን ብርሃን የሚሰበስብ፤
የዐይን መነጽሬን ሳላወልቅ የሚያሳየኝ ሙሉውን ክብ።

ሦስተኛዋ እንደዚያ ናት፤ መዳፌ ውስጥ ትገባለች፤
ጥቁር ጎማ ለብሳ «ውኃ አላስገባም» ትላለች።
«ሁሉም እንደዚያ ይላሉ» አልኩት። «ሳፋ የለህም?»
«ሳፋ? ለምንሽ?»
«ካርቶን ይዋሻል ኑርዬ፤ ውኃ አይዋሽም።»

ቀይ ሳፋ መጣ፣ የልጁ መታጠቢያ፤
ቢስሚላህ አለና ነከራት፣ እስከ ማንጠልጠያ።
ሰዓት ሠሪው ከጎረቤት ገባ። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ቆመች።
አራት ራስ በአንድ ሳፋ ላይ።
እስከ መቶ ቆጠርን፤
አረፋ ጠበቅን፤ አንዲትም አላየን።

አወጣናት፣ ጠረግናት። በመስኮት አሻግሬ አየሁ፦
ከተማው ሁሉ ጉም ሆኖ፣ እሷ ሆድ ውስጥ ጉም የለም።
ኑርዬ «አሁንማ ዋጋዋ ጨመረ» አለ፤ አልሰማሁም።

ማግስቱን ሐይቅ ዳር ነኝ፣ ከቄጠማው አጠገብ።
ካፊያ ጀመረ። ጉያዬ አልከተትኳትም፤ ይዝነብ።

ያን ዓመት ከዚያ ጉብታ ሌሎች ዐይኖች ነበሩ፣
በዚሁ ዓይነት መስታወት ቤታችንን የሚቆጥሩ፤
ስንት ጣሪያ፣ ስንት ጓሮ፣ ስንት ሰው በስንት ሰዓት።
እኔም ቆጠራ ላይ ነኝ፤ ደብተሬ ርሷል ከጧት።

ይብራ፣ አሥራ አራት። እርኩም፣ ሁለት።
ጋጋኖ፣ አላየሁትም፤ በጩኸቱ ነው የቆጠርኩት።
አንድ ዓሣ በል ንስር፣ ደረቅ ግንድ ላይ፣ ክንፉን አራግፎ፣
የዓሣ ቅርፊት በጥፍሩ ላይ እንደ አምስት ሳንቲም ተለጥፎ።

የጥበቃው ልጅ አሊጋዝ መጣ፤ «እስቲ ልይበት» አለኝ።
ሰጠሁት።
መጀመሪያ ያየው ጉብታውን ነው።
ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቁጥቋጦ ሳይዘል።
ዝም አልኩ፤ ምን ይባላል?
ከዚያ ትከሻው ወረደ፣ ወደ ውኃውም ዞረ፤
አፉ እንደ ሕፃን አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ማን ትባላለች?» አለኝ፣ ዐይኑን ሳያነሣ።
መነጽሯን ነው ወይስ ወፏን፣ አልገባኝም፤
«የወፍ ሜዳ መነጽር» አልኩት። አልሳቀም።

ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ዝናቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየወረደ፣
«እቴ፣ ይቺ እየጠለቀች የምትወጣዋን» አለ፣
«እዚያ ጋ ገብታ እዚህ ጋ ብቅ ያለችውን፣
ሁለቴ ቆጥረሻት እንዳይሆን።»