መቀመጫ

ከሰራተኛ ሰፈር ቁልቁል፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
የኑረዲን በር ነው፤ ጎንበስ ያላለ አይገባ።
የሚኒባስ ፓራውልት፣ የታንከር ክዳን፣
አፉን የከፈተ የገላ ገንዳ፤
ሁሉም ከአንድ እናት፦
ከብርጭቆ ጸጉር፣ ማር ከመሰለ ሙጫ።
እኔ የሄድኩት ግን
ንድፍ በወረቀት ጠቅልዬ ነበር፦
ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ
ላለ ክሊኒክ ደጅ
ረጅም መቀመጫ።

«ከምን ይሠራልሽ?»
ከቦርሳዬ አወጣሁ
አንድ ጥቅል ቃጫ።

ሳቀ። «ይሄማ ገመድ ነው፤ የአህያ ጭነት ማሰሪያ።
ብርጭቆ ካልገባ ምኑን ፋይበር ሆነው?»
አልተከራከርኩትም።
በዚያ ሳምንት ያየሁትን ነገርኩት፦

የተወለድኩበት ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር።
ኤክስካቫተሩ የመጣ ዕለት
ቆርቆሮው ቶሎ ሄደ፤ ማገሩ ተንጫጫ።
የጭቃው ግድግዳ ግን
አንዴ ተገፋ፣ ዘመመ፣ ቆመ፤
ሁለቴ ተገፋ፣ ተሰነጠቀ፣ ቆመ፤
ስንጥቁን ከውስጥ የያዘ ነገር ነበረ።
በሦስተኛው ወደቀ።
ከአቧራው መሀል አንድ ጓል አንሥቼ ሰበርኩ፤
የጤፍ ጭድ፣ ከነወዙ፣
ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስል፣ ቢጫ።
ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ በጨለማ ውስጥ፣
ጭቃው እንዳይከዳ ጭዱ ይዞት፣
ጭዱ እንዳይበሰብስ ጭቃው ለብሶት።
ማን ማንን እንደተሸከመ
ለመለየት ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

ኑረዲን ዝም አለ። ክንዱን አከከ፤
ሃያ ዓመት የብርጭቆ ብናኝ የበላውን ክንድ።
ቃጫውን በሁለት እጁ ሳብ አደረገው፤
አልበጠስ አለው።
«ደርቋል?» አለ ብቻ።

አልደረቀም ነበር። ቃጫ ውሃ ይወዳል፤
የረጠበ ቃጫ ሙጫ አያስጠጋም።
ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ ከየት ይምጣ?
በእናቴ ካውያ፣ ዘለላ በዘለላ፣
ሸሚዝ እንደሚተኮስ ስተኩሰው አደርኩ።

ቅርጹን ሰም ቀባነው፤ የወለል ሰም፣ ሦስት ጊዜ።
«ሰሙን ከናቅሽው» አለ «ወርቅሽ አይላቀቅም፤
ከነቅርጹ ይቀበራል።»
ከዚያ ማድረቂያው፣ በጠብታ፣
ትንፋሹን ይዞ እንደ መድኃኒት ቀማሚ፦
«ካበዛሽው ይቆጣል፣ ይፈላል፣ ይጨሳል፤
ካሳነስሽው ዕድሜ ልኩን
እንደተላሰ ከረሜላ ይጣበቃል።»
በሮለር ስንዳምጠው አየሩ ፍስስ እያለ ወጣ፤
አረፋ ከቀረ፣ ስብራት እዚያ ጎጆ ይቀልሳል።
ሥሩ ትልቅ አምፖል አበራንለት፣
እንደ ጫጩት።

የመጀመሪያው ቆንጆ ነበር፤ ያንጸባርቃል።
ቃጫውን አበጥሬ፣ እንደ ሹሩባ አስተኝቼ፣
ሁሉንም በቁመቱ፣
ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ።
ዘበኛው ጋሽ ድንቁ ሊመርቅልን ተቀመጠ።
ረገብ አለ፤ ደህና ነው። ጋሽ ድንቁ ዞር ሲል፣ ቀጭ!
ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደተፈለጠ ቀርከሃ።
ደነገጥንም፣ ሳቅንም፤ ጋሽ ድንቁ ሱሪውን አራገፈ።
ጥፋቱ የኔ ነው። ድር ሲያብር ምን እንደሚያስር
ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤
ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ ግን
ጎረቤቱን የሚይዝ እጅ እንደማይተርፍ
የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛውን አጋድመን፣ አቋርጠን፣ ሰያፍ ጨምረን፣
እንደ ሰሌን።
አያምርም። መልኩ የጠጅ አተላ ነው፤
አንድ ቦታ የኑረዲን ጓንት አሻራ፣
አንድ ቦታ ከሹራቤ የወደቀ ቀይ ክር።
ላወጣው ስል «ተይው» አለኝ፣
«እሱም ይሸከማል።»

ዛሬ በዚያ አለፍኩ። ያካፋል።
አራት ሰው ተቀምጧል፦
ነፍሰ ጡር፣ ፋይል ያቀፈ ልጅ፣
ሁለት የማይተዋወቁ ሽማግሌዎች
በአንድ ጃንጥላ።
ስም ተጠራ፤ አንዱ ተነሣ፤
መቀመጫው ጥቂት ነጠረና
የቀሩትን ያዘ።