ለአንድ ሌሊት ብቻ

ኩሺሮ ወደቡ በጉም ተጠቅልሎ፣
መርከብ ሲያላዝን የትም ሳይታይ ውሎ፣
ሱቄን ልዘጋ ስል፣ መበየጃው ሳይበርድ፣
አንዲት ሴት ገባች፣ ኮቷ ላይ በረድ።

ከመሀረብ ፈትታ አስቀመጠች አንድ ካሴት፣
ግራጫ፣ ጥርሱ የዛገ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈበት።
«የእናቴን ቤት ሳጸዳ ከሩዝ ጣሳው ጀርባ
አገኘሁት» አለች፣ ድምጿን እንደ ሌባ
ዝቅ አድርጋ።

ሰካሁት። በራ።
«ባትሪውን ልቀይር?» አልኩ፣ «ግን ይወቁት፣ እመቤት፣
አሮጌው የተነሳ ለት
ውስጡ ያሉት ሁሉ፣ አጥምደው ያኖሯቸው፣
ስማቸው፣ ደረጃቸው፣
ዝናብ የነካው የጠመኔ ጽሑፍ ናቸው።»

የሰማችኝ አልመሰለኝም። ጣቷን አቁማ፦
«ይኼ ነው» አለችኝ፣ «ይኼ ነው ኖሮማ።»
ቀንድ አውጣ ነው፣ ጀርባው ላይ ፋኖስ ያዘለ፣
ከተፈጠረ ጀምሮ እንቅልፍ ያልጠገበ የመሰለ።

ያጠመደው ሾጎ ነው፣ ወንድሟ፣ ያኔ አሥር ዓመቱ፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ፣ እንዳይሰማ አባቱ፤
አርባ መረብ ጨርሶ አርባ አንደኛው ላይ ያዘው።
እሷ ናት በሽቦ፣ «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብላ የወሰደችው።

የኖሮማ አመሉ፣
ካልሰጡት አያድግም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው
ፋኖሱ የሚበራ፣ ቅርፊቱ የሚሰፋው።
በራ፤ ሰፋ፤ አማረ። መመለስ አቃታት፤
አንዷ ሌሊት ረዝማ ሠላሳ ዓመት ሆናት።

አሁን ሾጎ ሳፖሮ የዓሣ መኪና ይነዳል፤
እህቱን ቀብር ላይ ያያታል፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል።

እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ስልኳን አውጥታ ደወለች።
«ሾጎ... እኔ ነኝ፣ ሚዙዬ» አለች።
ዝምታ። የሞተር ድምፅ። የመስታወት መጥረጊያ።
«ኖሮማህ እኔ ጋ ነው።»
እኔ የሌለ ቡሎን ፍለጋ
መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ድምፁ ከስልኩ አመለጠ፦
«ዛሬም አይታዘዝሽም? ይተኛል?»
ፍልሚያ ከፈተች፤ «ምታ!» አለችው።
ቀንድ አውጣው ፋኖሱን አጥፍቶ ያንኮራፋል።
ከሌላ እጅ የመጣ እንዲህ ነው፤
ያጠመደውን ብቻ ያውቃል።

«ይተኛል» አለችው።
«ተይው። ይተኛ።»
ከዚያ ሳቀ መሰለኝ፤
ወይ ማርሽ ነው የቀየረው።

መበየጃዬን ነቀልኩ። ሒሳብ አልጠየቅኩም።
ባትሪው እስከ ነገ ይቆይ፣ እስከ በጋ፣ አላውቅም።